ሕያዋን ቁጥሮች በአኒሜሽን፦ የግዕዝ አኃዞች ፍጡራን ቢሆኑ በምን ሕግ ይኖራሉ?

የከዚራው መምህር (ድሬዳዋ)፣ የውይይቱ ጀማሪ

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ተሳታፊዎች። በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሥዕል ክበብ ካሉ ልጆች ጋር አጭር የአኒሜሽን ተከታታይ ለመሥራት አስበን ጽሑፉን እያዘጋጀሁ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ሰዎችም እንስሳትም አይደሉም፤ ሕያዋን የሒሳብ ምልክቶች ናቸው። ለጊዜው «አኃዛውያን» ብለናቸዋል። የመረጥናቸውም በየቤታችን ግድግዳ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ የምናያቸውን፣ ልጆቻችን ግን እየረሷቸው ያሉትን የግዕዝ አኃዞች ነው።

ቁጥር ዓይንና አፍ ወጥቶለት የሚናገርበትን ፊልም ልጆቹ ያውቃሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ብዙ ጊዜ ፊቱ የተለጠፈው ከላይ ብቻ መሆኑ ነው። ሰባት ቁጡ፣ ሦስት ዓይን አፋር ይደረጋሉ፤ ነገር ግን ሰባት ለምን ተቆጣ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ከሰባትነቱ አይመጣም። አኃዛውያን በዚህ መንገድ እንዲፈጠሩ አልፈልግም። ፍጡሩ የሚወደው፣ የሚፈራው፣ ከማን ጋር የሚቆመው፣ ከማን የሚርቀው ሁሉ ቁጥሩ በሒሳብ ከሚሠራው ሥራ መውጣት አለበት ብዬ አምናለሁ። አለበለዚያ ልጁ ሥዕሉን ይወዳል እንጂ ቁጥሩን አያውቅም።

በዚህ ረገድ የግዕዝ አኃዞች እጅግ ለም ናቸው። ሃያ ብቻ ናቸው፤ ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ ዘጠኝ፣ ከዚያ ፻ እና ፼። ለአሥር የራሱ አካል አለው፤ ለሃያም እንዲሁ። ስለዚህ አሥራ አምስትን ለመጻፍ ፲ እና ፭ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ መቆማቸው ራሱ መደመር ነው፤ በመካከላቸው ሌላ ምልክት አያስፈልግም። ዜሮ የሚባል ፍጡር በመካከላቸው የለም፤ አላስፈለጋቸውምም። ሁለት ሺህን እኛ በ2 እና በሦስት ዜሮ ስንጽፍ እነርሱ ፳፻ ብለው በሁለት አካል ይጨርሱታል።

እንድትረዱኝ የምፈልገው በዚህ ላይ ነው። አንደኛ፣ ሁለት አኃዛውያን ሲደመሩ ምን ይሆናሉ? ይዋሃዳሉ ወይስ ጎን ለጎን ይኖራሉ? ሲቀነሱስ? ደግሞም ዜሮ ወደ አገራቸው ቢመጣ በምን መልክ ይምጣ? ከልጆቹ አንዳንዶቹ ዜሮን ክፉ ገጸ ባሕርይ እናድርገው ብለዋል፤ እኔ አልወደድኩትም፤ ግን የተሻለ ሐሳብም ገና የለኝም።

ብዕር ዘሳቢያን (ድሬዳዋ)

መምህር፣ ሐሳቡ ደስ ብሎኛል። ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ እነዚህን አኃዞች የማውቃቸው በሌላ በኩል ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዩኒኮድ 3.0 (ለየፊደሉ በኮምፒውተር ላይ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ ሲገባ ሃያዎቹም አኃዞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ተራ ቁጥርን ወደ ግዕዝ አኃዝ የሚለውጥ ፕሮግራም ለመጻፍ የሞከረ ሰው ደግሞ ችግሩ ሁሉ ፻ ጋ እንደሚያርፍ ያውቃል።

የተከታታዩ ዋና ገጸ ባሕርይ ፻ መሆን አለበት የምለውም ስለዚህ ነው። ከ፼ በቀር ሌሎቹ ሁሉ የትም ቢቆሙ ዋጋቸውን ይዘው ይቆማሉ። ፻ ግን ከፊቱ ማን እንደቆመ ያያል። ፭ ከኋላው ሲቆም ፻፭ ይሆናል፣ መቶ አምስት ነው፤ እዚህ ላይ ይደመራሉ። ያው ፭ ከፊቱ ሲቆም ፭፻ ይሆናል፣ አምስት መቶ ነው፤ እዚህ ላይ ይባዛሉ። ሁለት ፍጡራን ቦታ ሲለዋወጡ ከመቶ አምስት ወደ አምስት መቶ የሚዘልሉ ከሆነ፣ ለአንድ ሙሉ ክፍል የሚበቃ ታሪክ ከዚህ ይወጣል። ፭ በሰልፉ መጨረሻ መቆም ሰልችቶት ወደ ፊት ቢመጣና የሠራውን ሳያውቅ የገበያውን ዕቃ ሁሉ ቢያበዛው፣ ልጁ የቦታን ትርጉም ያለ ማብራሪያ ይረዳል።

መቶ ራሱ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ፩ ከፊቱ አይቆምም፤ ፻ ብቻ ይጻፋል። ፩ በዚህ ቢያዝን ተፈጥሯዊ ኀዘን ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ማባዛት ምንም አይለውጥም። ይህንን የ፩ን ጥያቄ ችላ እንዳትሉት እለምናችኋለሁ፤ ከማውቃቸው የልጅነት ጥያቄዎች ሁሉ ይህ እውነተኛው ነው።

ሶፊ ከጀጎል (ሐረር)

ሥዕል እሠራለሁ፤ በአኒሜሽንም ትንሽ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ስለ አካላቸው ልናገር።

እያንዳንዱ የግዕዝ አኃዝ ከላይና ከታች አግድም መስመር አለው። እነዚህን መስመሮች ጌጥ አድርጎ መተው ያሳዝናል። የታችኛው የሚቆሙበት መሬት፣ የላይኛው የሚሸከሙት ጣራ ይሁን። ሁለት አኃዛውያን ጎን ለጎን ሲቆሙ መስመሮቻቸው ይገጥማሉ፤ ከአንድ ጣራ በታች ይገባሉ። የመምህርን የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ የሚመልስ ይመስለኛል፦ ፲ እና ፭ አይዋሃዱም፤ አንዱ ሌላውን አይውጥም፤ አንድ ቤት ይሠራሉ፤ የቤቱም ስም አሥራ አምስት ነው። አኒሜሽን ላይ ይህ በጥቂት ሥዕል የሚታይ ነገር ነው። በሴኮንድ ሃያ አራት ፍሬም ካለን፣ አንዱን ሥዕል ለሁለት ሁለት ፍሬም ብንጠቀም አሥራ ሁለት ሥዕል ይበቃናል፤ ለልጆች ክበብም የሚቻል ነው።

፼ን ቀርባችሁ ተመልከቱት። ሁለት ፻ ተያይዘው የቆሙ ናቸው። መቶ ጊዜ መቶ አሥር ሺህ ነውና ቅርጹ ራሱ ብዜቱን ይናገራል። ስለዚህ ሁለት ፻ ተገናኝተው የሚተቃቀፉበትና ፼ የሚወለድበት ትዕይንት እኔ ከምንም በላይ መሣል የምፈልገው ነው።

ከዚህ ጋር ግን አንድ የሥዕል ችግር አለ። ከ፩ እስከ ፱ ያሉት ቅርጾች ብዛታቸውን አያሳዩም። ከግሪክ ፊደላት የመጡ ናቸውና ፭ ውስጥ አምስት ነገር አይቆጠርም። ኩብ ተደራርቦ ቁጥር በሚሆንባቸው ፊልሞች ልጁ ኩቡን ቆጥሮ አምስት መሆኑን ያረጋግጣል፤ የእኛው ልጅ ግን ምን ይቆጥራል? እኔ ያሰብኩት ዱካቸውን ነው። ፫ በአሸዋ ላይ አንድ ጊዜ ሲራመድ ሦስት ዱካ ይተዋል፤ ፲ አሥር ይተዋል፤ ፻ ሲያልፍ አሸዋው በዱካ ይሞላል። የእናንተ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ቦታው የተዘጋጀ ነው።

የሁለት ልጆች እናት (ድሬዳዋ)

የሶፊን የዱካ ሐሳብ በጣም ወድጄዋለሁ። ስለ ደቻቱ ግን አንድ ነገር ላሳስብ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የመጣውን የደቻቱ ጎርፍ ይህች ከተማ አልረሳችም፤ ብዙ ሰው ሞቶበታል፤ ቤተሰቦቻቸውም ዛሬ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። አሸዋው ላይ ይራመዱ፤ ነገር ግን ዱካ ለማጥፋት ወይም ዜሮን ለማሳየት ብላችሁ ጎርፍ እንዳታመጡ። ሌላ ቦታ ያስቃል፤ እዚህ ግን ያስለቅሳል።

የመጣሁበት ዋና ጉዳይ መቀነስ ነው። ትንሿ ልጄ ቁጥሮች ሰው ሆነው የሚታዩበትን ፊልም ስታይ አንዱ ሲቀነስ «የት ሄደ?» ብላ ትጠይቃለች። ለትልቅ ሰው ቀላል ጥያቄ ነው፤ እርስዋ ግን የምትጠይቀው ስለ ሞት ነው። ሕያው ፍጡር ካደረጋችኋቸው በኋላ አምስት ሲቀነስ ሁለት ስትሉ ሁለቱን ምን አደረጋችኋቸው? ፭ም ከዚያ በኋላ ፭ አይደለም። ስሙንና መልኩን አጥቶ ፫ ይሆናል። ይህንን ሳታስቡበት ካለፋችሁ መቀነስ በተባለ ቁጥር ልጆቹ ይፈራሉ።

የከዚራው መምህር

እህቴ፣ ስለ ደቻቱ ያሉትን ተቀብዬአለሁ። ጎርፍ አይኖርም።

ስለ መቀነስ ያነሱትን ነገር ግን ቆም ብዬ አሰብኩበት። በክፍል ውስጥ መቀነስን የምናስተምረው በሁለት መልክ ነው። አንዱ «ከአምስቱ ሁለቱ ቢወሰድ» የሚለው ነው፤ ልጅዎን ያስፈራት ይህኛው ነው። ሁለተኛው «አምስት ከሁለት በስንት ይበልጣል» የሚለው ሲሆን እዚህ ማንም የትም አይሄድም፤ ፭ እና ፪ ፊት ለፊት ቆመው ይተያያሉ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ፫ ነው። ለአኃዛውያን የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ፪ በአሸዋው ላይ ከ፭ አጠገብ ይራመዳል፤ ዱካዎቹ ሁለት በሁለት ይገጥማሉ፤ የ፭ ሦስት ዱካዎች ያለ ጓደኛ ይቀራሉ፤ ከእነዚያ ሦስት ዱካዎች ላይ ፫ ይነሣል። ማንም አልሞተም፤ እንዲያውም አንድ ፍጡር ተጨመረ። ልጆችን ለማባበል ያመጣሁት ዘዴ አይደለም፤ ልዩነት ማለት በትክክል ይኸው ነው።

የብዕርን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ፻ ዋናው ገጸ ባሕርይ ይሁን። ዜሮን በተመለከተ ግን እስካሁን ማንም አልደፈረም።

የአብነት ተማሪ (ሐረር)

መምህር፣ ከተፈቀደልኝ በዚህ ልግባ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀምሻለሁ፤ ባሕረ ሐሳብም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ ተምሬአለሁ። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ባለቤቶቹ ባዶነትን አያውቁም ማለት አይደለም።

የዘመን አቆጣጠራችንን ያየ ይህን ያውቃል። ዓመተ ዓለሙን (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን፣ ከዓ.ም. በ5500 የሚበልጠውን ዓመት) ለ19 አካፍለን ከቀሪው አንድ ስንቀንስ ወንበር ይገኛል። ወንበሩን በ11 አባዝተን ለ30 ስናካፍል የሚቀረው አበቅቴ ነው፤ በ19 አባዝተን ለ30 ስናካፍል የሚቀረው መጥቅዕ ነው፤ ሁለቱም የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን ለማውጣት ያገለግላሉ። ለምሳሌ 2018 ዓ.ም.ን ብትወስዱ ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ ወንበሩ 12 ይሆናል፤ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፤ ሁልጊዜም ይሆናሉ። በ2006 ዓ.ም. ግን ቀሪው 1 ነበረና አንዱ ሲቀነስለት ወንበሩ ባዶ ሆነ፤ አበቅቴውም ባዶ ሆነ፤ መጥቅዑ ብቻ ሙሉ 30 ሆነ። በዚህ ጊዜ መምህራኑ «አልቦ» ይላሉ፤ የለም ማለት ነው። ይናገሩታል፣ በሒሳባቸው ውስጥ ያስገቡታል፣ ሐሳቡም አይሰናከልም። አካል ብቻ አልሰጡትም።

ስለዚህ ዜሮን ክፉ አታድርጉት፤ እንግዳም አታድርጉት። በአኃዛውያን አገር አልቦ ከጥንት ጀምሮ የሚኖር፣ ድምፅ ያለው፣ አካል የሌለው ነዋሪ ይሁን። ሁሉም ያውቁታል፣ ያነጋግሩታል፣ ቤት ሲሠሩ ግን ጣራ አይሸከምም። እህቴ ሶፊ ባለችው መሠረት በአሸዋ ላይ ሲያልፍም ዱካ የለውም።

ስለ ቀለምም አንድ ቃል ልጨምር። በብራና መጻሕፍት የአኃዝ መስመሮች ብዙ ጊዜ በቀይና በጥቁር ቀለም ይጻፋሉ። ቀለሙን ከዚያ ብትወስዱ መልካም ነው።

ብዕር ዘሳቢያን

የአብነት ተማሪው የጻፉት ግሩም ነው፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። አልቦን ለዘላለም አካል አልባ ካደረጋችሁት፣ ልጁ በክፍል ውስጥ የሚያገኘውን ዜሮ ከዚህ ጋር ማገናኘት አይችልም። በአንድ ቤት፣ በአሥር ቤት፣ በመቶ ቤት በምንጽፍበት ሥርዓት ዜሮ ሥራ አለው፤ ባዶውን ቤት ይጠብቃል። 105 ላይ ዜሮው ከሌለ ቁጥሩ 15 ይሆናል። ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ብራህማጉፕታ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ628 ለዜሮ የመደመርና የመቀነስ ሕግ ሲጽፍ እንደ ሌሎቹ ቁጥሮች ቆጥሮታል። እኔ የምለው አልቦ በአኃዛውያን አገር አካል አይኑረው፤ ነገር ግን ሌሎቹ ቁጥሮች፣ 1፣ 2፣ 3 የምንላቸው፣ ወደ ድሬዳዋ ሲመጡ አልቦ ሥራ ያግኝ፤ አካልም ያግኝ። እስከዚያ ድረስ የሰማነው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ታላቅ ክፍል ይሆናል።

ሶፊ ከጀጎል

ብዕር፣ ሌሎቹ ቁጥሮች ስትል አንድ ወገን ብቻ አታስብ። እዚህ ሐረር በአረብኛ ፊደል የተጻፉ መጻሕፍት ያሳደጉን ሰዎች ሦስተኛውን ወገን እናውቀዋለን። በአረብኛ አጻጻፍ ዜሮ ነጥብ ነው። አምስት ደግሞ ክብ ነው፤ ከፈረንጁ ዜሮ ጋር መልካቸው እጅግ ይቀራረባል።

ይህን እንደ ታሪክ አስቡት። ከጀጎል በር የወጣ ክብ ፍጡርና ከባቡር የወረደ ክብ ፍጡር በቀፊራ ገበያ ይገናኛሉ። መልካቸው አንድ ነው። አንዱ ሲራመድ አምስት ዱካ ይተዋል፣ ሌላው ምንም አይተውም። ነጋዴዎቹ ሁሉ ይሳሳታሉ፤ የሚያውቋቸው አሸዋውን የሚያዩ ልጆች ብቻ ናቸው። የመምህር ሕግ፣ ባሕርይ ከቁጥርነት ይውጣ የሚለው፣ እዚህ ላይ በደንብ ይፈተናል፤ ምክንያቱም ፊት ብቻ ያየ ሰው ይሳሳታል።

አልቦም ሁለት አካል ያገኛል ማለት ነው፤ ከሐረር በኩል ነጥብ፣ ከባቡሩ በኩል ክብ። የትኛውን ይምረጥ? እኔ አንዱንም ባይመርጥ እመርጣለሁ፤ እንደ ሄደበት አገር ይልበስ።

የሁለት ልጆች እናት

አራት ቋንቋ እየሰማ ለሚያድግ የድሬ ልጅ ይህ ምንም አይከብደውም። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ በአንድ ሰፈር ይሰማል፤ አንድ ነገር በብዙ መልክ እንደሚነገር ከማንም በፊት ያውቃል። አትፍሩ።

የከዚራው መምህር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አልቦን እንደ አብነት ተማሪው አካል አልባ አድርገን እንጀምራለን፤ ባቡሩ ሲመጣም እንደ ብዕርና እንደ ሶፊ አካል ያገኛል። የቀረው የመደመር፣ የመቀነስና የእኩል ምልክቶች ጉዳይ ነው። እነዚህ ከአኃዛውያን ወገን ናቸው?

ዘመናቸውን ስመለከት አይደሉም እላለሁ። የግዕዝ አኃዞች በአክሱም ዘመን ድንጋይ ላይ ተቀርጸው ይገኛሉ። የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች ግን በታተመ መጽሐፍ የታዩት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1489 በጀርመናዊው ዮሐንስ ቪድማን ነው። የማባዛት መስቀል በ1631 በእንግሊዛዊው ዊልያም ኦትሬድ፣ የማካፈሉ ምልክት በ1659 በስዊዛዊው ዮሐን ራን መጽሐፍ መጡ። ቁጥሮቹ እርስ በርስ እየተደመሩና እየተባዙ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ከኖሩ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ምልክቶቹን በኋላ የሚመጡ፣ ራሳቸው ዋጋ የሌላቸው፣ ዱካ የማይተዉ ግን ሌሎችን የሚያገናኙ ሌላ ዓይነት ፍጡራን ላደርጋቸው አስባለሁ።

ሶፊ ከጀጎል

የእኩል ምልክትን ለእኔ ተዉልኝ። ዌልሳዊው ሮበርት ሬኮርድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1557 ሲፈጥረው ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከእነርሱ በላይ እኩል የሆነ ነገር የለም ብሎ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ሁለት ትይዩ መስመር ምን እንደሆነ ለማንም አልነግርም። ሐዲዱ ነው። የቆየው የጅቡቲ መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት 1,000 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአኃዛውያን ቋንቋ ፲፻ ማለት ነው። ፲ እና ፻ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ተኝተው ርቀቱን ይለኩት፤ ከወዲያና ከወዲህ ያሉት ቁጥሮች እኩል ካልሆኑ ሐዲዱ ይጠብባል ወይም ይሰፋል፤ ባቡሩም አያልፍም።

የአብነት ተማሪ

ግሩም ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰበትን ዓመት በእነርሱው አጻጻፍ አስገቡት፤ 1895 ዓ.ም.፣ ፲፰፻፺፭። አምስት ፍጡራን ናቸው። ፲ እና ፰ ከ፻ ፊት ይቆማሉ፣ ፺ እና ፭ ከኋላው። ፻ በመካከል ሆኖ ፊቱን ያባዛል፣ ኋላውን ይደምራል።

የከዚራው መምህር

የመጀመሪያው ክፍል ተገኘ። አምስቱ በጣቢያው ፊት ለፊት በአንድ ጣራ ሥር ቆመው ባቡሩን ይጠብቃሉ፤ ፭ ሰልችቶት ቦታውን ጥሎ ወደ ፊት ሊሮጥ ይነሣል፤ ፻ም ይከለክለዋል፤ ምክንያቱን ግን አይነግረውም። የአልቦ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ምክንያቱን በሁለተኛው ክፍል ገበያ ላይ እናሳያለን፤ የ፩ን ጥያቄ በሦስተኛው እናነሣለን፤ ክቦቹ የሚገናኙት ከዚያ በኋላ ነው።

ሶፊ፣ ልጆቹ መሣል እንዲጀምሩ የ፻ን ንድፍ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ብታስቀድሚልን መልካም ነው። ከፊቱ የሚቆመውንና ከኋላው የሚቆመውን ሲያይ ፊቱ የተለያየ መሆን ስላለበት፣ ሁለቱንም የፊት ገጽታ ለየብቻ ሥሪልን። ብዕር፣ ልጆቹ ማንኛውንም ቁጥር አስገብተው የትኞቹ አኃዛውያን በምን ቅደም ተከተል መቆም እንዳለባቸው የሚያዩበት ትንሽ ፕሮግራም ቢኖር ስቶሪቦርዱ ላይ ስሕተት አይገባም። የአልቦን ድምፅ ማን ይናገር የሚለውን ለልጆቹ ተውኩት፤ ሁሉም በአንድነት እንናገረው ብለዋል።